ጋሽ ከማለዲን አይጨነቁም፤ ጥርሳቸውን ጠይቁ

በየመንደሩ አንድ የማይጨነቅ ሰው አለ። ጣሪያው ቢያፈስ፣ ላሙ ብትጠፋ፣ ሚስቱን ምጥ ቢይዛት የማይጨነቅ። እናንተም ታውቁታላችሁ። ስታለቅሱ ትከሻችሁን መታ መታ አድርጎ «ያልፋል» ብሏችሁ የሚሄደው እሱ ነው።

የሮቤው የእኛ የማይጨነቅ፣ ክቡር ጋሽ ከማለዲን ልብስ ሰፊው፣ ግድግዳ የምንጋራ ጎረቤቴ ነበሩ። በረንዳቸው ላይ የስፌት መኪናቸውን እየረገጡ የሰፈሩን ጭንቀት ሁሉ ይሰማሉ። ገብሴን ውርጭ መታብኝ የሚል ከዲንሾ ይመጣል፤ አማቷ ያስመረረቻት ሙሽራ ትመጣለች። ጋሽ ከማለዲን አዳምጠው ሲያበቁ ክሩን በፊት ጥርሳቸው ቀጭ አድርገው ይቆርጡና «ሆማ ሚቲ» ይላሉ። ምንም አይደለም ማለታቸው ነው። መቀስ መሳቢያቸው ውስጥ ነበር፤ ሲወጣ ግን አይቼ አላውቅም። እንዲያ ያለ ነጭ፣ ግጥምጥም ያለ ጥርስ በሮቤ አልነበረም። የገብስ ቆሎ ሲቆረጥሙ እስከ እኔ ጓዳ ይሰማል።

ብሔራዊ ውትድርና በመጣ ጊዜ አንድ ልጃቸው መሀመድአወል ወደ ሰሜን ተወሰደ። ከዚያ በኋላ የት እንደደረሰ የነገረን የለም። ላጽናናቸው ብሄድ እሳቸው አጽናንተው መለሱኝ።

«ሆማ ሚቲ፣ ፈለቀች። ልጅ ሄዶ ይመጣል።»

ክራቸውን ቆረጡ። ከኋላቸው የቆመችው ሚስታቸው ጁሀራ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች።

ድምፁን መስማት የጀመርኩት ከዚያ ወዲህ ነው። ጋሽ ከማለዲን ከምሳ በኋላ ጋደም ይላሉ፤ እኔ ከግድግዳው ወዲህ ምስር እለቅማለሁ። መጀመሪያ አይጥ መሰለኝ። ቀጥሎ ጁሀራ ጨው የምትፈጭ መሰለኝ። ጆሮዬን ግድግዳው ላይ ብለጥፍ ጥርስ ነው፤ ጥርስ በጥርስ ላይ። ክው ብዬ ቀረሁ። እኔ ጥርስ ማፋጨትን የማውቀው ከቤተ ክርስቲያን ነው፤ ያውም ለኃጢአተኞች በተዘጋጀው ቦታ። ጁሀራን ብጠይቃት የሆድ ትል ነው አለችኝ። ልቤ ተመለሰ። በእኛ አገር ተኝቶ ጥርሱን የሚያፋጭ ሁሉ ትል አለበት፤ ይህን የማያውቅ የለም።

አንድ እሁድ በቀበሌ ስብሰባ ጋሽ ከማለዲን ከፊቴ ባለው አግዳሚ ላይ አንቀላፉ። ካድሬው ስለ ኢምፔሪያሊዝም ሲናገር ቆየና ትንፋሽ ሊወስድ ዝም አለ። በዚያ ዝምታ መካከል ቅርጭጭ የሚል ድምፅ ተሰማ። አዳራሹ በሙሉ ዞረ። ካድሬው ከመድረኩ ወርዶ ፊታቸው ቆመ።

«ጓድ ልብስ ሰፊ፣ በማን ላይ ነው ጥርስህን የምታፋጨው?»

በዚያን ዘመን ከዚህ ባነሰ ነገር ከስብሰባ ሳይመለስ የቀረ ሰው አለ። ጋሽ ከማለዲን ነቅተው ዓይናቸውን አሹና «ሆማ ሚቲ» አሉ፤ ይባስ ብለው። እኔ ስሜ ሲጠራ እንኳ «አቤት» የምለው በሹክሹክታ ነው። እግሮቼ እንዴት እንዳቆሙኝ እስካሁን አላውቅም።

«ትል ነው፣ ጓድ» አልኩ። «ኮሶ ከጠጡ ቆይተዋል።»

መጀመሪያ ሴቶቹ ሳቁ፣ ቀጥሎ ሊቀመንበሩ፣ በመጨረሻ ካድሬው ራሱ። ጋሽ ከማለዲን ኮሶ እንዲጠጡ በጭብጨባ ተወስኖ ስብሰባው ተበተነ። ሰኞ ጠጡ። ወደ ጓሮ ሲመላለሱ ዋሉ፤ በደጄ ባለፉ ቁጥር ሆዳቸውን ይዘው «ሆማ ሚቲ» ይሉኛል። ማክሰኞ ከምሳ በኋላ ጆሮዬን ለጠፍኩ። ቅርጭጭ።

ከዚያ ጥርሳቸው ይከዳቸው ጀመር። አንድ ቀን ክር ነክሰው ሳቡ፤ አልተቆረጠም። እንደገና ነከሱ። ቀና ብለው ሲያዩኝ ዓይኔን አሸሸሁ። መቀሱ ከመሳቢያ ወጣ። ቀዝቃዛ ውሃ ሲጠጡ ጉንጫቸውን ይይዛሉ፤ ጠዋት ጠዋት መንጋጋቸው አልላቀቅ ይላቸዋል። በመጨረሻ አንዲት ፍሬ ቆሎ አንዱን የመንጋጋ ጥርስ ለሁለት ሰነጠቀችው። ስባሪውን በመዳፋቸው ይዘው ሲያሳዩኝ፣ የሰው ዕቃ የሰበሩ ይመስል አንገታቸውን ደፍተው ነበር።

ከጁሀራ ጋር ሆነን በአውቶቡስ ጎባ ወሰድናቸው። ወጣቱ የጥርስ ሐኪም ትንሿን መስታወት አፋቸው ውስጥ ከትቶ ሲያይ ቆየና እኛንም ጠራን። አይቼ ደነገጥኩ። ያ ያማረ ጥርስ ጫፍ ጫፉ ተበልቶ ጠፍጣፋ ሆኗል፤ ነጩ ሽፋን አልቆ ውስጡ ቢጫ ሆኖ ይታያል፤ ጎን ጎኑ ላይ እንደ ፀጉር የቀጠነ ስንጥቅ አለ።

«ይህን ትል አይሠራውም» አለ ሐኪሙ። «ሰው ጭንቀቱን ሲውጥ ተኝቶ ጥርሱን ያፋጫል። የሚያስጨንቅዎ ነገር አለ፣ አባባ?»

ጋሽ ከማለዲን ሊመልሱ ሞከሩ። መስታወቱም የሐኪሙ ጣትም አፋቸው ውስጥ ነው። «ሆ...» ብለው ቀሩ። እኔ ሳውቃቸው ያ ቃል አልወጣ ያላቸው ያን ቀን ብቻ ነው። ያኔ ጁሀራ ተናገረች።

«የልጁን ነገር ነው የሚያኝከው» አለች። «መሀመድአወል ከሄደ ጀምሮ።»

ከጋሽ ከማለዲን ዓይን ጥግ እንባ ወጥቶ ወደ ጆሯቸው ወረደ። እንዳላየሁ ሆንኩ።

የተሰነጠቀው ተነቀለ። ሲተኙ ጥርስ ላይ የሚጠለቅ፣ ሌሎቹን የሚጠብቅ ልባስ ከአዲስ አበባ ካልመጣ የለም ተባልን። ሐኪሙ ከንፈር ይገጠም፣ ጥርስ ግን አይነካካ፤ ቆሎ ይቅር፤ ጭንቀትዎን ለሰው ይንገሩ አላቸው። ጋሽ ከማለዲን የታዘዘ መድኃኒት አያስቀሩም። ሮቤ እንደተመለሱ ለመጀመሪያው ደንበኛ ተጨንቄያለሁ አሉት። ሰውየው ከት ብሎ ሳቀ፤ ጨዋታቸውንም ለሰፈሩ አዳረሰው። የማይጨነቅ ሰው ሲጨነቅ ማን ያምነዋል? ስለዚህ ለእኔ ይነግሩኝ ጀመር፤ ጋደም ከማለታቸው በፊት፣ አንድ አንድ ነገር ብቻ። እዚያ ብርድ ይኖር ይሆን? ጫማስ ይሰጧቸዋል? «ሆማ ሚቲ» ምላሴ ጫፍ ድረስ ይመጣና እውጠዋለሁ።

ድምፁ ቀነሰ እንጂ አልጠፋም። ጥርሶቹም በየተራ ሄዱ። ደርግ በወደቀበት ክረምት መሀመድአወል ከስቶ፣ ጢም አብቅሎ፣ በገዛ እግሩ እየተራመደ በረንዳው ላይ ወጣ።

በማግሥቱ ከምሳ በኋላ ምስሬን ይዤ ተቀመጥኩ። ከግድግዳው ወዲያ ምንም የለም። ጆሮዬን ለጠፍኩ፤ ምንም። ደስታም ሰው ይገድላል ሲባል እሰማ ነበር። ምስሩን በትኜ ሮጥኩ። ጋሽ ከማለዲን መደቡ ላይ ተዘርግተዋል፤ አፋቸው ተከፍቷል። ትከሻቸውን ይዤ ወዘወዝኳቸው።

አንድ ዓይናቸውን ገለጡ። «ምነው ፈለቀች? ምን ሆንሽ?»

«ዝም አሉብኝ» አልኩ።

ድምፁ የጠፋው ልጃቸው ስለተመለሰ ይሁን፣ የሚፋጭ ጥርስ ስላልቀራቸው፣ እስካሁን አላወቅሁም። ቤቴ ተመልሼ የተበተነውን ምስር ለቀምኩ። ከዚያ በኋላ የገብስ ቆሏቸውን እኔ በድንጋይ ወፍጮዬ እየፈጨሁ፣ በሶ አድርጌ፣ በማር ለውሼ እወስድላቸው ጀመር። መጁ ወፍጮው ላይ ሲፋጭ ድምፁ ግድግዳውን አልፎ ይሄዳል። ጋሽ ከማለዲንም ከወዲያ ሆነው ይጠሩኛል።

«ጓድ ፈለቀች፣ በማን ላይ ነው ጥርስሽን የምታፋጪው?»