ኃላፊው እጃቸውን ያነሡ ዕለት

ታላላቅ ሰዎች ታላቅነታቸው የሚመሰከርበት ቀን ሳያስቡት ይመጣል ይባላል። የማስተባበሪያ መምሪያው ኃላፊም ያን ቀን ያገኙት ቅዳሜ ከምሳ በኋላ፣ በአንድ የድሮ የቪዲዮ ጌም ቤት ውስጥ፣ ባለቤታቸው፣ አማታቸውና አንድ ልጃቸው በተገኙበት ነው። ለዕለቱ ክብር ባርኔጣ አድርገው ነበር።

የነገሩ መነሻ በዚያው ሳምንት እራት ላይ የተነሣ ጥያቄ ነው። ልጅቱ ዐሥራ አራት ዓመቷ ነው፤ በዚህ ዕድሜ እንደ ደንቡ ዓይኗ ስልኳ ላይ፣ ጆሮዋ ሌላ ቦታ ነው። ድንገት ቀና ሳትል፣

«አባዬ፣ ግን አንተ ሥራህ ምንድን ነው?» አለች።

«አስተባብራለሁ» አሉ ኃላፊው፣ ድምፃቸውን አሳምረው።

«ምኑን?»

«የሚሠሩትን ሰዎች ነዋ!»

«አንተ ካላስተባበርካቸው አይሠሩም?»

ኃላፊው ውኃ ጠጡ። በመሥሪያ ቤታቸው እንዲህ ያለ ጥያቄ ሲነሣ ጠያቂው ስለ ገንቢ ሐሳቡ ይመሰገንና ወደሚቀጥለው አጀንዳ ይታለፋል። በእራት ጠረጴዛው ላይ የቀረው አጀንዳ ግን ሰላጣ ብቻ ነበር።

«እማዬ ጥርስ ትነቅላለች» አለች ልጅቱ፣ ያለ ምንም ክፋት። «አያቴ ዕድሜዋን ሙሉ ልብስ ስትሰፋ ነው የኖረችው። አንተ በእጅህ የምትሠራው ነገር ምንድን ነው?»

ፊርማ ሊሉ አፋቸውን ከፈቱና ተዉት። ፊርማቸውን እንኳ ካለፈው ዓመት ጀምሮ በማኅተም ተቀርጾ ጸሐፊያቸው ናት የምትመታላቸው። ስለዚህ ወደ ሩቅ ዘመን አፈገፈጉ።

«በእጄ? እንኳን ጠየቅሽኝ! በልጅነቴ ጌም ላይ የሚችለኝ አልነበረም። የጠፈር መንኮራኩሯን ይዤ ስቀመጥ ሰፈሩ በሙሉ ከኋላዬ ይቆም ነበር።»

ማን ያውራ የነበረ ይላል ያገሬ ሰው፤ በዚያ ቤት ከኃላፊው ሌላ የነበረ ስላልነበረ፣ ወሬው ለዓመታት ያለ ተቃውሞ ሲጸድቅ ኖሯል። ሚስትየው አልፎ አልፎ «ሻምፒዮኑ፣ እስቲ አምፖሉን ቀይርልኝ» ከማለት ያለፈ ጥርጣሬ አላሳየችም። አምፖሉንም ኤሌክትሪክ ሠራተኛ ነው የቀየረው።

ልጅቱ ግን ስልኳን ጠረጴዛው ላይ ደፋችና አየቻቸው።

«እስቲ አሳየኝ» አለች።

ኃላፊው ደነገጡ፤ ደስም አላቸው። ልጃቸው እንዲህ ካየቻቸው ስንት ጊዜ ሆኗት ነበር! እውነቱን ለመናገር፣ ከሚጠብቁት ሹመት ሁሉ ይልቅ ይህችን ልጅ አንድ ጊዜ «ጎበዝ» ማሰኘት ይፈልጉ ነበር። ለዚህ ነው ቅዳሜ ቤተሰቡ በሙሉ የወጣው።

ጌም ቤቱ ጠባብና ረጅም ክፍል ነው። በግራና በቀኝ ከሰው ቁመት የሚበልጡ የእንጨት ሣጥኖች ተደርድረዋል፤ ሁሉም በየቋንቋው ይጮኻል፣ ያፏጫል፣ ይፈነዳል። የጌም ቤቱ ባለቤት የኋላ ኪሷ ውስጥ መፍቻ የሻጠች ሴት ናት፤ አንዱን ማሽን በመዳፏ ጎኑን መታ መታ እያደረገች ታባብላለች። ሚስትየው መጫወቻ ሳንቲሞቹን ከእሷ ገዝታ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተች።

«ይሄ ነው!» አሉ ኃላፊው፣ ጥግ ያለውን ማሽን አቅፈው ሊስሙት ምንም ሳይቀራቸው። «እጀታው ራሱ ሳያስታውሰኝ አይቀርም!»

ከዚያም ተቀመጡ። ባርኔጣቸውን አውልቀው ማስቀመጫ ቢያጡ፣ ከማሽኑ መስታወት ግርጌ ባለው ጠርዝ ላይ አኖሩት። ይህን የምንጠቅሰው ለታሪክ ይጠቅማል ብለን ነው።

ሌላም ለታሪክ የሚጠቅም ነገር አለ። ኃላፊው አንድን ነገር ራሳቸው አስነሥተው አያውቁም። መኪናውን ሾፌሩ፣ ኮምፒውተሩን ጸሐፊዋ፣ የስብሰባውን ማይክራፎን ባለሙያው ያስነሣል፤ እሳቸው ሲደርሱ ሁሉም ነገር እየሠራ ይጠብቃቸዋል። አሁንም ሲቀመጡ መንኮራኩሯ መስታወቱ ውስጥ ወዲያ ወዲህ እያለች አገኟትና ምንም አልደነቃቸውም። ሚስታቸው ሳንቲሙን ያስገባች መሰላቸው። ሚስታቸው ደግሞ እሳቸው ያስገቡ መሰላት። የሁለት ሰው ኃላፊነት የሆነ ሥራ እንዲህ ነው።

ኃላፊው እጀታውን ጨበጡ፤ ቀዩን ቁልፍ ደጋግመው ተጫኑ። ጦርነቱ ተጀመረ።

ከላይ ክንፍና ጥፍር ያላቸው ፍጡራን እንደ አንበጣ ይወርዳሉ። መንኮራኩሯ ወደ ግራ ሸርተት፣ ወደ ቀኝ ሸርተት ትልና ትተኩሳለች። አንዱን ረድፍ ጠረገች፤ ሁለተኛውን ጠረገች። ኃላፊው ከወገባቸው ዘንበል እያሉ፣ ከንፈራቸውን ነክሰው ታገሉ። አንድ ነገር ብቻ ገርሟቸዋል፤ መንኮራኩሯ ከእጃቸው ትንሽ ቀደም ትላለች። እሳቸው ወደ ግራ ሊሉ ሲያስቡ እሷ ደርሳለች። ይህንም ቢሆን ከልምድ ያውቁታል፤ ጎበዝ ምክትል እንዲሁ ነው፣ የአለቃውን ሐሳብ ሳይነገረው ይረዳል።

«እንዴ!» አለች ሚስትየው።

«ዝም በይ፣ እንዳትረብሺው!» አሉ አማቲቱ። መነጽራቸውን አደረጉ። «እኔስ እስከ ዛሬ ጉራ መስሎኝ ነበር። ይቅር በለኝ ልጄ፣ ለካ አምቼሃለሁ።»

ልጅቱ ስልኳን ኪሷ ከተተች። ተጠጋችና በትከሻቸው በኩል አየች። ከዚያ ኃላፊው በሕይወታቸው የማይረሱትን ቃል ተናገረች።

«አባዬ! እንዴት ነው እንዲህ የቻልከው? ጎበዝ ነህ!»

ኃላፊው ዓይናቸው እንባ አቀረረ። እዚያው ላይ ዝም ቢሉ ኖሮ እስከ ዛሬ ሻምፒዮን ነበሩ። ዝምታ ግን የሥራ ዝርዝራቸው ውስጥ የለም። እንዲህ ባለ ጊዜ ንግግር ማድረግ ግድ ነው፤ ንግግር ለማድረግ ደግሞ ወደ ሕዝቡ መዞር ግድ ነው። ባርኔጣቸውን በቀኝ እጃቸው አንሥተው ዞሩ። ግራ እጃቸውን ደረታቸው ላይ አሳረፉ።

«ክቡራን ቤተሰቦቼ!» አሉ። «ይህ ድል የእኔ የግሌ አይደለም። የትዕግሥት፣ የቅልጥፍናና ሳይታክቱ የመሥራት ውጤት ነው። ለመጪው ትውልድ የማስተላልፈው መልእክት ቢኖር፣ እጅ የማይፈታው ችግር የለም የሚል ነው!»

ከኋላቸው አንድ ረድፍ በሙሉ ፈነዳ።

አማቲቱ ልብስ ሰፊ ስለነበሩ ሰው ሲያናግራቸው እጁን የማየት ልማድ አለባቸው። የኃላፊውን ቀኝ እጅ አዩ፤ ባርኔጣ ይዟል። ግራውን አዩ፤ ደረት ላይ ነው። መስታወቱን አዩ።

«አንተ ልጅ» አሉ ቀስ ብለው። «እጅህ እኮ እዚህ ነው። እዚያ የሚተኩሰው ማን ነው?»

ሁሉም ወደ መስታወቱ ዞረ። መንኮራኩሯ ያለ ማንም ትእዛዝ፣ እንዲያውም ቀለል ብሏት፣ ትዋጋለች። ባርኔጣው በነበረበት ቦታ ቀይ ጽሑፍ ይበራል፤ ይጠፋል፤ ይበራል።

«"ሳንቲም ያስገቡ" ነው የሚለው» አለች ልጅቱ።

ባለ መፍቻዋ ሴት መጣች። «ሰው ሲጠፋ ራሷን ታጫውታለች» አለች በትሕትና። «ደንበኛ ለመሳብ ነው። ልነግርዎት ነበር፤ ግን በጣም ደስ ብሎዎት ስለነበር አሳዘኑኝና ተውኩት።»

እስካሁን ኃላፊውን በአንቱታ ስንጠራ የቆየነው ለድካማቸው ክብር ነበር። ድካሙ የማሽኑ መሆኑ ስለተረጋገጠ፣ ከዚህ በኋላ አንተ ብለን እንቀጥላለን።

የሰውየው ጆሮ ጋለ። ሚስቱ አፏን በሻርፗ ከደነች፤ ትከሻዋ ግን ይንቀጠቀጣል። ይህ ሁሉ ግድ አልሰጠውም። ያየው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ የልጁ እጅ ወደ ኪሷ፣ ወደ ስልኳ ሲሄድ። ስብሰባ ላይ ቢሆን ኖሮ ማሽኑ በእሱ አቅጣጫ ሰጪነት ራሱን መቻሉን ባብራራ ነበር። አብራርቶ አብራርቶ ለኑሮው የበቃ ሰው ነው። አሁን ግን ሳያስበው ሳቁ መጣ፣ እንባው እስኪፈስ ሳቀ።

«እኔን አንሥተው ይህችን ማሽን ቢሾሙ እኮ መምሪያው ይሻሻል ነበር!» አለ። «ቢያንስ ንግግር አታደርግም!»

የልጅቱ እጅ ኪሷ አፍ ላይ ቆመ።

«ሳንቲም ስጪኝ» አለ ሚስቱን። ተቀበላትና ቀዳዳውን ፈልጎ በገዛ እጁ አስገባት። ኪሊሊ አለ። በሕይወቱ ራሱ ያስነሣው የመጀመሪያ ነገር ነው ብንል ብዙ አላጋነንም።

ጨዋታው አጭር ነበር። የመጀመሪያዋ መንኮራኩር እሱ ቁልፉን ሲፈልግ አለቀች። ሁለተኛዋን ይዞ ሲሸሽ ከጠላት ጋር ተላተመ። ሦስተኛዋን ጥግ ወስዶ ደበቃት፤ እዚያው ተከተሏት።

«ሞትክ» አለች ልጁ።

«አየሁ።»

«ሻምፒዮኑ!» አሉ አማቲቱ፣ ይቅርታቸውን መልሰው ሲወስዱ።

ልጅቱ ሆዷን ይዛ ሳቀች። ከዚያ ወንበሩ ላይ ገፋ አደረገችው። «ይሄኛው ግን አንተ ነህ፣ ያስታውቃል። በል ጠጋ በል፣ አንተ ንዳ፣ እኔ ልተኩስ።»

ሳንቲሙ እስኪያልቅ አብረው ሞቱ። የልጅቱ ኪስ ውስጥ ስልኳ ጮኸ፤ ደግሞ ጮኸ፤ አላነሣችውም። ሰውየው ይህን ሰምቶ ያልሰማ መሰለ፤ ደስታው ግን ከፊቱ አልደበቅ አለው።

ሰኞ አንቱታው ተመለሰ። ኃላፊው በታላቁ አዳራሽ፣ በረጅሙ ጠረጴዛ ዙሪያ ከሌሎች ኃላፊዎች ጋር ተሰይመው ነበር። ዋና ዳይሬክተሩ አፈጻጸሙን አነበቡ። «የማስተባበሪያ መምሪያው በኃላፊው ብስለት የተሞላበት አመራር ከዕቅድ በላይ አከናውኗል...»

ኃላፊው ያን ሲሰሙ ልባቸው አንድ ነገር አላቸው። ጠረጴዛው ላይ ያሉትን እጆቻቸውን ቀስ አድርገው አነሡና አየር ላይ አቆዩአቸው። ምንም አልቆመም። ንባቡ ቀጠለ፤ በግድግዳው ማዶ ሰዎች ይጽፋሉ፣ ያትማሉ፣ ይመላለሳሉ። ጎረቤታቸውን አዩ፤ በሁለት እጁ እስክሪብቶ እያሽከረከረ፣ ግንባሩን ቋጥሮ፣ ከባድ ነገር የሚነዳ ይመስላል። ከእሱ ማዶ ያለውም እንዲሁ። እስከ ጠረጴዛው ራስ ድረስ እንዲሁ።

«ጥያቄ ያለው?» አሉ ዋና ዳይሬክተሩ።

ኃላፊው ጥያቄ ነበራቸው፤ ሳንቲሙን ማን እንዳስገባ ለመጠየቅ ፈልገው ነበር። ግን እንጀራ ነውና እጃቸውን ሳይታይባቸው መለሱት። አዳራሹ አጨበጨበ። እሳቸውም ከሁሉ አብልጠው አጨበጨቡ።

ማታ እቤት አንቱታው በር ላይ ቀረ። ልጅቱ ሰሐን እየደረደረች፣

«አባዬ፣ ዛሬስ ምን ሠራህ?» አለችው።

አሰበ። ሊዋሽ ፈለገና አልሆነለትም።

«አጨበጨብኩ» አላት።

ልጁ ሰሐኑን አስቀምጣ እጆቹን አየት አደረገቻቸው።

«በራስህ እጅ?»