ጉንዳንና ዝንብ ሲጋጠሙ፣ ጋሽ ታፈሰ እንደዘገቡት

ሐበሻ በሰፈረበት አገር ሁሉ፣ ዓይናችሁ እያየ ያለውን ነገር መልሶ የሚነግራችሁ አንድ ሰው አይጠፋም። እኛ ሜስኪት ከተማ ያለነው ደግሞ የሁሉንም አለቃ፣ ክቡር ጋሽ ታፈሰን፣ ታድለን ነበር። ለእኔማ ከአጥር ወዲያ ማዶ ነበሩ።

መኪናዬን ፓርክ ሳደርግ፣ ከበረንዳቸው ሆነው «ወደ ኋላ እየመጣሽ ነው… እየመጣሽ ነው…» ይላሉ። የቆሻሻ ገንዳውን ከገጨሁ በኋላ ደግሞ፣ «ገጨሽው!» አውሮፕላን ማረፊያ እንግዳ ልንቀበል ስንሄድ፣ «ልብ በሉ! በሩ ተከፈተ። ባርኔጣ ያደረገ ሰው ወጣ። የኛ አይደለም።» ቸርች ውስጥ ሁላችንም ጨፍነን ስንጸልይ እንኳ፣ «ፓስተሩን አላባቸው» ብለው ሲያንሾካሹኩ ሰምቻለሁ።

ከጎናቸው ሁልጊዜ ባለቤታቸው እትዬ ሰብለወርቅ ይቀመጣሉ። ስኳር በሽታ ዓይናቸውን ከወሰደባቸው ቆይቷል።

አምና በመጋቢት ቅጠል ቆራጭ ጉንዳኖች የኮክ ዛፌን ወረሩት። በዚህ አገር የራሴ ባልኩት መሬት ላይ መጀመሪያ የተከልኩት እሱን ነው። ጠዋት ስወጣ ግማሹ ራቁቱን ቀርቷል፤ ከሥሩ እስከ አጥሩ አረንጓዴ ሰልፍ ይተማል። መርዝ ይዤ ስመለስ ጋሽ ታፈሰ በአጥሩ ላይ ብቅ ብለው ስሜን ጠሩ።

«ቆይ! ልዩ፣ እንዳትረጪ! ዝንቦቹ መጥተዋል!»

«የምን ዝንብ ነው ጋሼ? ዛፌ እያለቀ ነው እኮ!»

«ኦኬ፣ ጎንበስ በይና እዪ።»

ጎንበስ አልኩ። እውነትም ከአሸዋ ቅንጣት ብዙም የማይበልጡ ዝንቦች ከሰልፉ በላይ ያንዣብባሉ። ጋሽ ታፈሰ ወንበር አምጥተው እትዬ ሰብለወርቅን ግቢዬ ውስጥ አስቀመጡና ስርጭቱን ጀመሩ።

«ልብ በሉ! ዝንቧ ከላይ እያነጣጠረች ነው። ጉንዳኑ አፉ በቅጠል ተይዟል፣ ሶ መናከስ አይችልም። ወረደች! እንቁላሏን ጣለችበት! ሰቡዬ፣ የሚፈለፈለው ትል ከውስጥ ሆኖ ጭንቅላቱን ይበላዋል።» ይህን ሁሉ ከየት እንዳነበቡት እንጃ።

«ውይ ምስኪን!» አሉ እትዬ። «የሚደርስለት የለም?»

«አለ እንጂ! ቅጠሉ ላይ የሰሊጥ ፍሬ የምታክል እህቱ ተፈናጣለች። ዝንቧ ስትጠጋ አፏን ከፍታ ታባርራታለች!»

እኔ ደግሞ ያቺን ትንሽ ጉንዳን በነጻ የምትሳፈር ሰነፍ አድርጌ ቆጥሬያት ነበር።

ዝንቦቹ እየበዙ ሲመጡ ጉንዳኖቹ ቅጠላቸውን እየጣሉ ወደ ጉድጓዳቸው ሸሹ። ሦስታችንም አጨበጨብን። ድሉ ግን አልቆየም። ዝንቦቹ ዞር ሲሉ ጉንዳኖቹ ተመለሱና ዛፉን አራቆቱት፤ ጋሽ ታፈሰም ሽንፈቱን በሐዘን ዘገቡ። ስርጭቱ እንዳይቋረጥብን መርዙን ሳልረጭ ቀረሁ። ከሥራ ስመለስ ሁለቱን ግቢዬ ውስጥ ማግኘት ለምዶብኝ ነበር። በግንቦት ዛፉ እንደገና አቆጠቆጠ።

አንድ ቀን ልቤ ተነክቶ፣ «እትዬ፣ እንዴት የታደሉ ነዎት! ዓይንዎ ሆኑልዎት እኮ» አልኳቸው።

ከት ብለው ሳቁ። «የኔ ልጅ፣ ዓይኔ ደህና እያለም እንዲሁ ነበር! ያኔ ዝም በል እለው ነበር።» ቀጥለውም፣ «አሁን ዝም ሲል ነው የምፈራው» አሉ።

በመኸር ልጃቸው ሄቨን ወደምትኖርበት ከተማ፣ ወደ ዴንተን፣ ወሰደቻቸው። ሰፈሩ ጭር አለ። መኪናዬን ማንም ሳይዘግብልኝ አቆማለሁ።

ዘንድሮ ጉንዳኖቹ ሲመጡ፣ ዝንቦቹም ተከተሏቸው። ወዲያው ኮል አደረግኩ። ያነሱት እትዬ ሰብለወርቅ ናቸው።

«ጉሮሮውን ኦፕራሲዮን ሆኗል» አሉኝ። «ሐኪሙ ድምፅ እንዳታወጣ ብሎታል። ደህና ነው፣ ይድናል። ግን ልጄ፣ ቤቱ ጨለመብኝ።»

ስልኩን እንደያዝኩ ወደ ኮክ ዛፉ ሄድኩ። ከዚያ፣ «ስፒከር ላይ ያድርጉት» አልኩና ሣሩ ላይ ተንበረከክኩ።

«እ… ጉንዳኖቹ እየሄዱ ነው። ቅጠል ይዘዋል። ዝንብም አለ። ማለቴ… አንዷ እየዞረች ነው።» ከዚህ የከፋ ዘገባ በሜስኪት ተሰምቶ አያውቅም።

በስልኩ ውስጥ የእትዬ ሰብለወርቅን ሳቅ ሰማሁ።

«ምን ሆኑ እትዬ?»

«መዳፌ ላይ በጣቱ እየሳለ እያሳየኝ ነው። ጉንዳኑ ይሄዳል፣ ዝንቧ ትዞራለች… ወረደች! ፍጠኚ እንጂ ልጄ፣ ቀደመሽ እኮ!»