አቶ ዓምሃ ስለ ኩባያ የዘመቱት ዘመቻ

በሺህ ዘጠኝ መቶ ሰባ አንድ ዓመተ ምሕረት፣ በዘመነ ሉቃስ ወንጌላዊ፣ ስኳር በቀበሌ ራሽን ሆኖ በነገሠ ጊዜ፣ ዐቃቤ ዝገት፣ መስፍነ ቆርቆሮ፣ ሰው የጣለውን ሁሉ አንሺ አቶ ዓምሃ ዘጉለሌ ያደረጉት ዘመቻ ይህ ነው።

እኚህ ጌታ ከአዲሱ ገበያ በላይ ባለች አንድ ክፍል ቤታቸው የጥንት ዕቃ ይሰበስቡ ነበር። ሠራዊታቸውም በቀኝ የማይናገር ራዲዮ፣ በግራ እጀታ የሌለው የከሰል ካውያ፣ በደጀን ክዳን አልባ ጀበናዎች ሆነው ይሰለፉ ነበርና፣ ባለቤታቸው ወይዘሮ ሙሉእመቤት እግር የሚያሳርፉበት አጡ። ከሁሉ የከበረው ግን ዘውድ የደፋ አንበሳ የተሣለበት የብረት ኩባያ ነበር። ቀድሞ ማንም ውሃ ይጠጣበት የነበረ ተራ ዕቃ ነው፤ መንግሥት ሲለወጥ ሰው ዘውዱን ፈርቶ በየጉድጓዱ ስለወረወረው ብርቅ ሆነ። ፍርሃት ያከበረውን፣ አቶ ዓምሃ በእኔ ዕውቀት ከበረ እያሉ ያወሩ ነበር።

ወእምዝ፣ ጎረቤት ለቅሶ ደርሰው ንፍሮ ሲቆረጥሙ፣ ከእድሩ ኩባያዎች መካከል የዚያን ኩባያ ወንድም አዩ። እድሩ ዘውዱን በቀይ ቀለም ምልክቱ ሸፍኖታል፤ የእርሳቸው ዓይን ግን አላለፈውም። ጥንድ ካልሆነ እንቅልፍ የለም አሉ። የእድር ዕቃ ደግሞ አይሸጥም፣ ከለቅሶ ቤት በቀርም አይሄድም፤ በቤታቸውም የሚሞት ጠፋ። በአማታቸው ላይ ጥቂት ተስፋ አድርገው ነበር፤ ሴትዮዋ አገገሙ።

ስለዚህ ያልተወለደ አጎት ገደሉ። መርዶ ነጋሪም ሰሚም ራሳቸው ሆነው በማለዳ ጮኹ፤ የእድሩ ጥሩምባ ነፊ ኡርጌሳም አዋጅ ነገረ፦ «ያልሰማህ ስማ! የአቶ ዓምሃ አጎት ሰላሌ ላይ አርፈዋል። ድንኳን የምትተክል ጎበዝ ቶሎ ውጣ፤ የቀረ ይቀጣል።»

ድንኳኑ ተተከለ፣ ኩባያው መጣ፤ ከሸጎሌ አልቃሾች፣ ከዊንጌት በኩል ዘመድ ነን ባዮች፣ ለቅሶ የማያመልጣቸውም ሁሉ ጎረፉ፤ አንዲቱማ ሟቹን አውቃቸዋለሁ ብላ ደግነታቸውን አወጋች። የወሩም ስኳር አለቀ። አቶ ዓምሃ ብቻ እንባ እንቢ አላቸው፤ ሰውም ድንጋጤ ነው ብሎ አዘነላቸው። በሦስተኛው ቀን ኩባያውን በጤፍ ጆንያ ውስጥ ቀበሩት።

ዕቃ ሲመለስ የእድሩ ዳኛ አቶ ስብሐት እዚያው ለቅሶ ቤት ጉድለቱን አይተው ፈረዱ፦ «የጠፋው በአምሳያው ይተካ። ብር አንቀበልም።»

አቶ ዓምሃ እንዲህ ያለ ኩባያ ዛሬ ከየት ይገኛል እያሉ ሲሟገቱ፣ አጎት እንዳልነበረ የሚያውቁት፣ ስኳራቸውም ለዚያው አጎት ያለቀባቸው ወይዘሮ ሙሉእመቤት ተነሥተው የባላቸው ኩባያ የሚቀመጥበትን ሳጥን ከፈቱና በሸንጎው ፊት አወጁ፦ «አምሳያው ይኸውላችሁ። በሉ እንግዲህ፣ ሟቹን ነፍስ ይማር በሉ።»

ባልየው አንዲት ቃል ቢተነፍሱ ጆንያውም ይፈተሻል፣ አጎቱም ይጠየቃል። ኡርጌሳ ቀበሌ ሳያየው ብሎ በቀይ ቀለም የነከረውን ብሩሽ በንጹሑ ዘውድ ላይ ሲያሳርፍ፣ ሦስት ቀን የጠፋው እንባ እንደ ክረምት ወረደ፤ ደረታቸውን መቱ፤ ወድቀው ተነሡ። ሴቶቹም መርዶው ገና አሁን ገባቸው እያሉ አብረው አለቀሱ።

ስለዚህ ጉለሌ ሆይ፣ ጀግናሽን አመስግኚ! ሌላው ሰብሳቢ ዕቃውን ለእንግዳ ያሳያል፤ የእርሳቸው ግን ከዓይን ሁሉ የተሰወረ፣ ውሃ የማይጠጡበት፣ ስሙን የማይጠሩት ነውና፣ በብርቅነት የሚወዳደረው የለም። ክብራቸው በጆንያው ውስጥ ይኑር፤ ከአይጥ በቀርም የሚያየው አይኑር።