ጋቢ የለበሰችው ሸረሪት

እኛ ነፋስን የምንፈራውን ያህል አንበሳን አንፈራም። አዲስ አበባ ውስጥ ታክሲ የተሳፈራችሁ ሁሉ ምስክሮቼ ናችሁ። አሥራ ሁለት ሰው በላብ ተጠምቆ ሳለ አንድ ደፋር መስኮቷን በጣት ስፋት ቢከፍት፣ ከኋላ ወንበር «ወንድሜ፣ ዝጋው እንጂ!» የሚል ድምፅ ይመጣል። ስዊድኖች ደግሞ ሕፃናቸውን በጋሪ አስተኝተው በረዶ ላይ ደጅ ያቆሙታል፤ እነሱ ከውስጥ ኬክ ይበላሉ። ልጁም ለጥ ብሎ ይተኛል። ስቶክሆልም በኖርኩባቸው ሃያ ስድስት ዓመታት ይህን እያየሁ፣ በወገኖቼ ፍርሃት እየሳቅሁ፣ የተማርኩ ሰው መሆኔን ለሰማም ላልሰማም ስናገር ኖሬያለሁ። እስከ ሽሮ ድረስ።

ሽሮ የልጄ የሳራ ሸረሪት ናት፤ ታራንቱላ ከሚባለው ጠጉራም ዘር። ስታድግ መዳፍ ታክላለች ይላሉ። ለጊዜው የሽምብራ ፍሬ ብታክል ነው፤ ስሟንም ያገኘችው ከቀለሟ ነው። ቤት ስትገባ አጥብቄ ተቃወምኩ። በሳምንቱ ከሥራ እየሮጥኩ የምመለሰው እሷን ለማየት ሆነ። ስምንት እግር ያላት ሽምብራ አፈር ላይ ኮራ ብላ ስትራመድ፣ ድንገት ደግሞ ተወርውራ ደቃቅ ፌንጣ ስትቀልብ አይታችሁ ቢሆን ኖሮ አትፈርዱብኝም ነበር።

መኖሪያዋ ዙሪያው የተበሳሳ የፕላስቲክ ሳጥን ነው። ውስጡ እርጥብ አፈር፣ መደበቂያ የዛፍ ቅርፊትና በጠርሙስ ክዳን የተቀመጠ ውኃ አለ። በጎኑ (ከሥሩ አይደለም፣ በጎኑ) ትንሽ የኤሌክትሪክ ማሞቂያ ተለጥፏል። ሳራ ስፖርትሎቭ በሚሉት የብርድ ወራት የትምህርት ዕረፍት ከጓደኞቿ ጋር ለበረዶ ሸርተቴ ስትሄድ ሽሮን አደራ አለችኝ። ትእዛዙ በስዊድንኛ ነበር፤ ልጄ አማርኛ ትሰማለች እንጂ አትመልስበትም። ሙቀቱ ከሃያ ስድስት አይለፍ። ቀዳዳዎቹ አይደፈኑ። እንዳትነካት። በመጨረሻም «ፓፓ፣ እንደ ሰው እንዳታደርጋት» አለችኝ። ተቀየምኩ።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ አክስቴ እትዬ ብርነሽ ነጠላቸውን እንደለበሱ ከከተማው ዳር፣ ፋርስታ ከሚባለው ሰፈራቸው መጡ። ሳጥኑን ሲያዩ አማተቡ።

«ዳዊት፣ ይሄን ሰይጣን ቤትህ ታኖራለህ?»

ከዚያ ጠጋ ብለው አዩ። ሽሮ ጥግ ይዛ ተኮራምታለች።

«ምን ሆና ነው?»

«እንጃ እትዬ፤ መብላት ካቆመች ሦስት ቀኗ ነው።»

«ብርድ ገብቷት ነዋ! በዚህ ሁሉ ቀዳዳ ነፋስ እየገባ? ጨቅላ እንዲህ ይያዛል? እናንተ የተማራችሁ!»

እዚህ ላይ ስለ አየር መናገር ነበረብኝ። የምናገረውንም አውቅ ነበር። እጄ ግን ቁም ሳጥን ከፍቶ ጋቢ አወጣ። እትዬ ብርነሽ ቀዳዳዎቹን በጥጥ ወተፉ፤ እኔ ሳጥኑን በጋቢ ጠቀለልኩ። ማሞቂያውን ከፍ ያደረግሁትም እኔው ነኝ፤ እሳቸው እንኳ አላዘዙኝም። ከዚያ ደስ ብሎን ምሳ በላን።

ከምሳ በኋላ ጋቢውን ገለጥኩ። ሳጥኑ ውስጥ ያለው ቴርሞሜትር ሠላሳ አራት ይላል። ሽሮ በጀርባዋ ተንጋላ ስምንቱን እግሯን ወደ ላይ ሰቅላለች።

«ሞተች» አሉ እትዬ ብርነሽ በለሆሳስ፤ ነጠላቸውንም አዘቀዘቁ። ከምሳ በፊት ሰይጣን ለነበረች ፍጡር።

አልደብቃችሁም፤ መጀመሪያ ያሰብኩት እሷን የምትመስል ሌላ ሸረሪት የት እንደምትሸጥ ነው። ቀጥሎ በድኑን ላወጣ ማንኪያ አነሳሁ። የልጄ ፊት ታየኝና ማንኪያውን እንደያዝኩ በቪዲዮ ደወልኩላት። ሳጥኑን ሳሳያት ጮኸች።

«ፓፓ፣ አልሞተችም! ቆዳዋን እየቀየረች ነው! ማንኪያውን አስቀምጥ! ያ ነጭ ነገር ደግሞ ምንድን ነው?»

«ጋቢ» አልኩ።

«ጋቢ?» አለች። በዚያ ቀን ከአፏ የወጣው ብቸኛ የአማርኛ ቃል እሱ ነበር።

ለካ ታራንቱላ ቆዳዋን የምትለውጠው በጀርባዋ ተኝታ ነው፤ ከዚያ በፊት ምግብ መተዋም ያለ ነው። ብርድ አልነካትም። የእኛ ሙቀት ግን ትንሽ ቢቆይ ይጨርሳት ነበር፤ በዚያች ሰዓትም ስለ መትረፏ እርግጠኛ መሆን አይቻልም ነበር። ማሞቂያውን ነቀልኩ፣ ጥጡን መዘዝኩ፣ እትዬ ብርነሽ በድንጋጤ እያዩኝ መስኮቱን ከፈትኩ።

ሦስታችንም ጠበቅን፤ ሳራ በስልኩ ውስጥ። ሩብ ሰዓት ምንም የለም። ከዚያ አንዲት እግር ነቅነቅ አለች። እትዬ ብርነሽ ክንዴን ጨምድደው ያዙ። አሮጌው ቆዳ ተሰነጠቀ፣ እግሮቿ ከጓንት እንደሚወጣ ጣት አንድ በአንድ ተመዘዙ። ነጣ ያለች፣ ለስላሳ፣ ከቀድሞዋ ተለቅ ያለች ሽሮ ተገለበጠችና ቆመች! እትዬ ብርነሽ እልልታውን አቀለጡት። የታች ቤት ጎረቤቴ ምን ብሎ እንዳሰበ እግዜር ይወቅ።

ቆይተው መነጽራቸውን አደረጉና ከጎኗ የተጋደመውን ባዶ ቆዳ መረመሩ።

«አየህ አይደል» አሉኝ፤ «ሲሞቃት ጋቢዋን አወለቀች።»

ልከራከር አፌን ከፈትኩ። እሳቸው ግን ነጠላቸውን እያስተካከሉ ቀጠሉ።

«አሁን ራቁቷን ናት። ያን መስኮት ዝጋው።»

ዘጋሁት።