ትንፋሽ ቆጣሪው

ሰው ስንቱን ነገር ይቆጥራል፤ ትንፋሹን ግን ማን ይቆጥራል? እኔ በበኩሌ ማለዳ ጉም ሆሳዕናን ሲሸፍናት፣ ከጓሮዬ እንሰት መሃል ቆሜ ስጸልይ ትንፋሼ ከጉሙ ጋር ሲቀላቀል አያለሁ እንጂ ቆጥሬው አላውቅም። የሰጪው ጉዳይ ነው ብዬ ትቼዋለሁ።

የእህቴ የማርታ ልጅ ጴጥሮስ ግን ያስቆጥራል። ደቡብ አፍሪካ፣ ወደብ ላይ፣ ባሕር ውስጥ እየጠለቀ የመርከብ ሆድ ያጸዳል። (ስሙን ስናወጣለት በውሃ ላይ የተራመደውን አስበን ነበር፤ መስመጡን ማን ያስታውሳል።) ለእረፍት መጥቶ ሊመለስ ሲል እናቱ፣ ውሃ ውስጥ አየሩ እንደሚበቃህ አጎትህ አምኖ ካልመረቀህ አትሄድም አለችው። እኛ ዘንድ ያለ አጎት ምርቃት ሩቅ መንገድ አይጀመርም። እናም ከአራተኛ ክፍል ያላለፍኩት ሰውዬ የባሕር ዳኛ ሆንኩላችሁ።

ልጁ ከእጁ ላይ ሰዓት የሚመስል ኮምፒውተር ፈትቶ አስረዳኝ። ወደ ውሃ ሲገባ፣ ጀርባው ላይ በሚያዝለው የአየር ሲሊንደር ውስጥ ከነበረው ግፊት ሲወጣ የቀረው ይቀነሳል፤ በሲሊንደሩ መጠን ይባዛል፤ ውሃ ውስጥ ለቆየበት ደቂቃ ይካፈላል። ታዲያ ጥልቀት አየር ይበላል፤ አሥር ሜትር ታች አንዱ ትንፋሽ የሁለት ያህል ይወስዳል። ሶፍትዌሩ ያንንም አካፍሎ፣ ደረቅ መሬት ላይ ብትሆን በደቂቃ ይህን ያህል ሊትር ነው የምትተነፍሰው ይለዋል። እንደ ሕልም ሰማሁት። ዓይኔን ብጨፍን አረፋው እንደ ጸሎት ቀስ እያለ ወደ ላይ ሲወጣ ታየኝ።

የኮምፒውተሩን መዝገብ ሲያሳየን አንድ ቀን ላይ ትንፋሹ በጣም አንሷል፤ አየሩ በርክቶለታል ማለት ነው። ማርታ ቀኑን ጠይቃ እልል አለች፤ ለካ ጃጁራ ድረስ ሄደን ጾመን የጸለይንለት ቀን ነው። እኔስ መች ዝም እላለሁ፤ እሁድ ጉባኤው ፊት ቆሜ ተአምሩን መሰከርኩ። ሕዝቡ ሃሌሉያ ሲል ጴጥሮስ ብቻ ጫማውን ያያል።

ቤት ስንገባ፣ "ጋሼ፣" አለኝ እናቱ እየሰማች፣ "ያን ቀን ትልቁን ሲሊንደር ነበር የያዝኩት። ለኮምፒውተሩ መንገር ረሳሁ። በትንሹ ሲሊንደር መጠን አባዝቶት ነው እንጂ ትንፋሼስ ያው ነው።"

ማሽኑ ለካ የነገሩትን ያምናል። እንደ እኔ።

በቃ፣ መንገዱ ቀረ ብዬ እህቴን አየኋት።

"ትሄዳለህ፣" አለችው። "ከእናቱ እጅ ተአምሯን ነጥቆ እውነቱን የሚናገር ሰው፣ አየሩ ሲጎድል ራሱን አያታልልም።"

መረቅኩት፤ ሄደ። አሁን የቀረው የእኔ ነገር ነው። የተሰጠ ምስክርነት እንዴት እንደሚመለስ የሚያውቅ አላገኘሁም። በየእሁዱ ልነሳ እልና ትንፋሽ ያጥረኛል።