ባሕር ውስጥ ድንጋይ የሚጥል ሙሽራ

ውጭ አገር ያለ ዘመድ ደግ ነገር ነው፤ ሥራውን የሚጠይቅ እስኪመጣ ድረስ። እናንተም ካላችሁ ታውቁታላችሁ። «ኢንጂነር ነው» ብላችሁ ደረታችሁን ትነፋላችሁ፤ «ምን ይሠራል?» ስትባሉ ጉሮሯችሁን መጠራረግ ትጀምራላችሁ።

የእኔው ዘመድ ሙሉቀን ይባላል፤ የእህቴ ልጅ ነው። መካነ ሰላም አድጎ ዛሬ ፈረንጅ አገር በመርከብ ላይ ይሠራል። እመቤት ከምትባል የወግዲ ልጅ ጋር ተማሪ ቤት ተዋደው፣ የቀራቸው የአባቷ የመሪጌታ ቃል ብቻ ነበር። የልጁ አባት በሕይወት ስለሌሉ ሽማግሌነቱ ለእኔ ደረሰ። አንድ ጎረቤቴን አስከትዬ፣ የክት ጋቢዬን ደርቤ ወግዲ ሄድኩ። አንደበቴን እተማመንበት ነበር።

እንደ ደንቡ ቆመን ጀመርን፤ ተቀመጡ ተባልን። ስለ ልጁ ጠባይ አፌን ሞልቼ ተናገርኩ፤ ጨዋ ነው፣ ታጋሽ ነው፣ ፈሪሃ እግዚአብሔር ያለው ነው። መሪጌታ አዳምጠው ሲያበቁ «መልካም። ሥራውስ?» አሉ።

ልጁ አንድ ጊዜ በስልክ የነገረኝ ትዝ አለኝ። ግማሹ።

«ባሕር ውስጥ ድንጋይ ይጥላል» አልኩ።

እኛ አገር ድንጋይ ሲጥል የሚውል ሰው ምን ዓይነት እንደሆነ ታውቃላችሁ፤ መንገድ እንቀይርለታለን።

መሪጌታ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «መቼ ጀመረው?» አሉኝ።

«ከተመረቀ ጀምሮ» አልኩ በኩራት።

«ትምህርቱ ይሆናል የነካው። አብሽሩ፣ ይድናል። ጸበል ወስዳችሁታል?»

ጎረቤቴ አፉን በጋቢው ሲሸፍን ነው የገባኝ። ላብ አጠመቀኝ። ላስረዳ አፌን ብከፍት የማስረዳው የለኝም። ይሄኔ እመቤት ፊቷ ቀልቶ ከጓዳ ወጣች።

«አባዬ፣ እብድ አይደለም። ባሕር ውስጥ በነፋስ መብራት የሚያመነጩ ትልልቅ ምሰሶዎች ተተክለዋል። ውኃው እግራቸው ሥር ያለውን አሸዋ እየጠረገ ሲወስደው መቆሚያ ያጣሉ። እነ ሙሉቀን ዙሪያውን ድንጋይ ያለብሱላቸዋል፤ አሸዋው እንዳይሄድ።»

መሪጌታ ልጃቸውን አዩ፤ ከዚያ እኔን።

«እሷ ሥራውን ታውቃለች። እርስዎ አጎቱ አያውቁም። ታዲያ ቅድም ስለ ጠባዩ የነገሩኝን ከማን ሰሙት?»

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። እውነቴን ነው የምላችሁ፣ አፈርኩ። ልጁ በደወለ ቁጥር የምጠይቀው ብርዱን ብቻ ነበር፤ «በርታ» ብዬ እዘጋለሁ። መሪጌታ ግን እምቢ አላሉም። «መጀመሪያ ልጁን ይወቁት፤ ከዚያ ይመለሱ» ብለው ሸኙን።

ከግቢው እንደወጣን ደወልኩ። «ሙሌ፣ እስቲ ስለ ራስህ አጫውተኝ። ሥራው ደስ ይልሃል? የሚያስጨንቅህ ነገር አለ?»

ድምፁ ተሰባብሮ መጣ።

«ጋሼ፣ አይደብቁኝ። እማዬ ናት? ማን ሞተ?»

ማንም እንዳልሞተ ማልኩለት።

«ታዲያ ለምን ጠየቁኝ?» አለኝ።