አልሐምዱሊላህ በቁጥር ስንት ነው?

እዚህ ስቶክሆልም ቀዶ ሕክምና የሚማር ሐኪም አጋጥሟችሁ ያውቃል? ቢላዋ ከሚይዝበት ጊዜ እስክርቢቶ የሚይዝበት ይበዛል። ጥናት ካልሠራ ትምህርቱ አያልቅለትም አሉ። ታዲያ ምን ያድርግ?

ለእኔ የደረሰኝ ፊቲያ በሚባለው ሰፈራችን የጎረቤቴ ልጅ ጀማል ነው። የሐሞቴን ጠጠር ካወጡልኝ በኋላ ጠዋት ጠዋት ስለ ሕመም የሚያጠናበትን ወረቀት ይዞ ሆስፒታል አልጋዬ ድረስ ይመጣል።

«እማማ፣ ከዜሮ እስከ አስር ሕመምዎ ስንት ነው?»

«አልሐምዱሊላህ።»

«እሱ በቁጥር ስንት ነው?»

«ዜሮ በለው።»

እንዴት ነሽ ላለ ሰው ሌላ ምን ይመለሳል? ሆዴ ግን እሳት ነበር። የልጁ ትምህርት ሁሉ በእኔ ሆድ ላይ የቆመ መስሎኝ ዋጥ አደረግኩት።

በሦስተኛው ቀን የአልጋውን ብረት ጨምድጄ «ዜሮ» ስለው እጄን አየና ወረቀቱን አስቀመጠ።

«እማማ፣ ብረቱ ምን በደለዎት?»

«ጥናትህ እንዳይበላሽ ብዬ ነው ልጄ። ዘጠኝ ነው።»

«ኧረ ጥናቴን ያበላሸው ዜሮው ነው! ማስታገሻውንም የቀነስንብዎት በዚሁ ነው» ብሎ ወዲያው መርፌ አስወጋኝ።

ከሰዓት በኋላ ተመልሶ «አሁንስ?» አለኝ። ሆዴን ዳሰስ ዳሰስ አደረግኩና «ሁለት» አልኩት። እሱ ጻፈ፤ እኔ ለጥ ብዬ ተኛሁ።